ፊደል አይሳደብም

ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት እያለን አንድ መምህራችን የእንግሊዝኛ ስድብ አስተማረን። ማለቴ ስድቡን ሳይሆን፣ ፈረንጆቹ ስድቡን እንዴት እንደሚሸሹት። ቦርዱ ላይ አንድ ፊደል ይጽፍና ከኋላው ኮከብ ይደረድራል። «ኤፍ ወርድ ነው የሚሉት፤ ጨዋ ሰው ቃሉን ራሱን አፉ ላይ አያመጣውም» አለን። አንዳንዱ ሊያመልጠው ሲል መሃል ላይ ጠምዝዞ «ፍሪኪንግ» ይላል። አንዳንዱ ደግሞ ካመለጠው በኋላ «ፈረንሳይኛዬን ይቅር በሉኝ» ብሎ ጥፋቱን ፈረንሳዮች ላይ ይለጥፋል። በሳቅ ሞትን። እኛ ጅማ ያንን ቃል ባጃጅ ላይ ለጥፈን ነው የምንዞረው። ሄርማታ ገበያ፣ ሰልባጅ ተራ፣ ቃሉ በትልቁ የተጻፈበት ቲሸርት ይሰቀላል። አንድ ጎረቤታችን፣ የተከበሩ ሽማግሌ፣ ገዝተው ሱቃቸው በር ላይ ለብሰውት ይቀመጡ ነበር። ማን ደፍሮ ይንገራቸው?

ተመርቄ ሥራ ያገኘሁት አንድ ቡና ላኪ ጋ ነው። መጋዘኑ ከከተማ ወጣ ብሎ፣ በአጋሮ መንገድ። የናሙና ቡና ላይ ስም እለጥፋለሁ፣ ለውጭ ገዢዎች ኢሜይል እጽፋለሁ። ሴቶቹ መሬት ላይ ተቀምጠው ቡና ይለቅማሉ፤ ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን። ሥራ አስኪያጁ ከአዲስ አበባ የመጣ ነው፣ በዕድሜ ከኔ ብዙም አይበልጥም። በአማርኛ ሲናገር የሱን ያህል ጨዋ የለም። «እባክሽ» ይላል፣ ትልቅ ሰው ሲገባ ከወንበሩ ይነሳል። ሲናደድ ብቻ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራል።

አንድ ቀን የጌራ ቡና ናሙና የሊሙ ተብሎ ለገዢ ተላከ። ስሙን የለጠፍኩት እኔ፣ ከረጢቱን የሊሙ ነው ብሎ የሰጠኝ እሱ። ገዢው ደውሎ ጮኸበት። ስልኩን ሲዘጋ ቀጥ ብሎ ወደ ለቀማው መጣ፣ መሃላችን ቆመና ስድቡን አወረደው። ኤፍ ወርዱን ለኔ። በቢ የሚጀምረውን ደግሞ ለሁላችንም፣ ሴቶቹን በእጁ እየጠቆመ።

ሴቶቹ ሳቁ። የእንግሊዝኛ ቁጣ ሁሌም ያስቃቸዋል። በዕድሜ ትልቋ ለቃሚ ቀሚሴን ጎተት አድርገው «ማል ጄዴ? ምን አለሽ?» አሉኝ።

«ተቆጣ ነው።»

«እሱማ ይታያል ኢንተላ ኮ፣ ልጄ!» ብለው እንደገና ሳቁ።

ስድቡን ልረሳው እችል ነበር። ሳቁን ግን አልቻልኩም። ሰው ለሰደበው ሰው ሲስቅለት ቆሜ አየሁ። በማግስቱ የመጋዘኑ ባለቤት ሃጂ ጋ ገብቼ፣ በሴቶቹ ፊት ይቅርታ ይበለን፣ ካልሆነ ሥራውን እለቃለሁ አልኩ። እናቴ ስትሰማ «አብደሻል? በእንግሊዝኛ እኮ ነው!» አለች። ሃጂ ግን «በሽምግልና እንጨርሰዋለን» አሉና ሁለት ሽማግሌ ከሄርማታ አስጠሩ። ሴቶቹ ሥራ እንዳይፈቱ ተብሎ እኛ ብቻ ቢሮ ውስጥ ተቀመጥን። ደንቡ የታወቀ ነው፤ የተሰደበ ሰው ስድቡን እንዳለ ይናገራል፣ ያልተሰማ ነገር አይፈረድም።

«እሺ፣ ምን አለሽ?» አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

«ኤፍ ወርድ።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«በኤፍ የሚጀምር ስድብ ነው አባባ።»

ሥራ አስኪያጁ ፈገግ አለ። «አባቶቼ፣ ፊደል ሰደበኝ ነው የምትለው።»

ሽማግሌዎቹ ሳቃቸው መጣ። «ልጄ፣ ፊደል አይሳደብም። በአማርኛ ንገሪን።»

«ነውር ነው።»

«ካልነገርሽን ምኑን እንፍረድ?»

ነገርኳቸው። ኤፉንም ቢውንም፣ በአማርኛ፣ አንድም ኮከብ ሳላደርግበት። እዚህ አልደግመውም፤ አንዴ የከፈልኩበት ይበቃኛል። ሃጂ «አስተግፊሩላህ!» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ሁለተኛው ሽማግሌ ኮፍያቸውን አነሱና መልሰው ደፉት። «ሐያ የላትም እንዴ? እፍረት የሚባል አታውቅም? የማን ልጅ ናት?» አሉ። የጠየቁት እኔን አይደለም፣ ሃጂን።

«እሱ ያለውን እኮ ነው የተናገርኩት!»

«እሱ እኛ ፊት አላለም።»

በቃ፣ ፍርዱ ይሄ ሆነ። እሱ ድምፁን ከፍ በማድረጉ፣ እኔ ሽማግሌ ፊት ባለጌ ቃል በማውጣቴ፣ አውፍ ብለን ይቅር እንባባል። መጀመሪያ እኔ፣ ታናሽ ስለሆንኩ። ጎንበስ ብዬ «አውፍ በሉኝ» አልኳቸው። ለነሱ ከልቤ ነበር፤ ፊታቸው ሲቀላ አይቻለሁ። ከዚያ ተራው የሱ ሆነ። እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ «ሶሪ» አለ።

«በአማርኛ በለው» አልኩት።

«ያው ነው።»

«ያው ከሆነ በአማርኛ በለው! ሴቶቹም ተጠርተው ይስሙ!»

«በቃ!» አሉ ሃጂ። «ተናግሯል። እነሱ ምንም አልሰሙ፣ ተጠርተው ምን ሊሆኑ?»

ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ለቀማው ጋ ስደርስ ግን እግሬ አላልፍ አለኝ። ቆምኩና ምን እንዳለን፣ ለማን እንዳለው፣ ለሴቶቹ ነገርኳቸው። አሁን በኦሮምኛ፣ አንዱም ቃል እንዳያመልጣቸው። ተነስተው ይጮሃሉ፣ ቢሮውን ያናውጡታል ብዬ ነበር። አንዷ እጇ ላይ የነበረውን ቡና ጣለች፣ በቃ። ትልቋ ሴትዮ ቀና ብለው አዩኝ።

«ለምን ነገርሽን?»

«እንድታውቁ ነዋ!»

«ይኸው አወቅን። ትላንት ስቀን ነበር የወጣነው። ነገ በምን ፊት እንግባ? አንቺ ትሄጃለሽ፣ የተማርሽ ነሽ። እኛ ግን እሱ በዚህ ሲያልፍ ማየት አለብን።»

ዛሬም ያንን ለማለት ምን መብት አላቸው ብዬ እናደዳለሁ።

አሁን በቾ ቦሬ ሰፈር፣ እናቴ ቤት ተቀምጬ ሥራ እፈልጋለሁ። ጎረቤት ሲጠይቃት እናቴ «ከአለቃዋ ጋ ትንሽ አልተግባቡም» ትላለች። በቀደም ሄርማታ ገበያ ከለቃሚዎቹ አንዷን አገኘኋት። በዚያ ቀን የተነሳ ፊቷን ታጠቁርብኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ግን ሰላም አለችኝ። ሥራው እንዴት ነው አልኳት።

«ያው ነው» አለች። «አሁን አንስቅም።»

ሽንኩርቷን መምረጥ ቀጠለች።