ቀዳዳው ከተደፈነ በኋላ

ዛሬ ጠዋት ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አጠገብ ሻይ እየጠጣሁ ስልኬ ላይ የደህንነት ማሻሻያ እንድጭን የሚጠይቅ መልእክት ብቅ አለ። ወዲያው ጫንሁት። አብራኝ ያለችው የእህቴ ልጅ፣ "አክስቴ፣ ምን ያጣድፍሻል? እኔኮ ከተውሁት ቆየሁ" አለችኝ። ሳቅሁ። መልሱ መምህር ይትባረክን ሳያነሱ አይነገርም።

ከሚሌኒየሙ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ከትምህርት እንደወጣሁ ከተማው ዳር ባለ አንድ ኮሌጅ በኮምፒውተር ባለሙያነት ተቀጠርሁ። ኮሌጁ የራሱ ኢሜይል ነበረው፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር መስመሩ ቢጠፋም ኩራታችን ነበር። ፕሮግራሙ ግን አሮጌ ነው። ሰው ኢሜይሉን ዘግቶ ቢወጣም በሩ በትክክል አይዘጋም፤ ቀጥሎ በዚያው ኮምፒውተር የተቀመጠ ሰው ቀደም ሲል የተከፈተውን ገጽ መልሶ ቢነካ፣ የይለፍ ቃል ሳይጠየቅ ሰተት ብሎ ይገባል። ሠሪዎቹ ማስተካከያ አውጥተው ነበር። አለቃዬን አቶ መኩሪያን አገልግሎቱን ለጥቂት ሰዓት አቋርጬ ልጫነው ብዬ ለመንሁት። (ያኔ አንቱ እለው ነበር፤ ዛሬ ግን አፌ አይታዘዝልኝም።)

"ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ፤ ምንም እንዳትነኪ" አለኝ። እንግዶቹ መጥተው ሄዱ። "ቆይ እስኪ" አለኝ ደግሞ።

መምህር ይትባረክ የግዕዝና የአማርኛ አስተማሪ ነበሩ። ቅኔ ቤት ስላደጉ ሰላምታቸው እንኳ ሰምና ወርቅ ነበረው። ጥቅምት ላይ ከትውልድ መንደራቸው ከይጁቤ ሲመለሱ እሸት ባቄላ በፌስታል ያመጡልናል፤ እኛ እየፈለፈልን እሳቸው ሲያወሩ ሆዳችንን ይዘን እንስቃለን። ኢሜይላቸውን የሚከፍቱት በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ነበር።

አንድ ጠዋት፣ የጮቄ ተራራ ነፋስ ፊት በሚልጥበት ወቅት፣ ከእሳቸው አድራሻ ለሠራተኛው ሁሉ መልእክት ደረሰ። የሬጅስትራሯ ብርቱካን ለተማሪ ውጤት የምትሰጠው አልጋ ላይ ነው የሚል፣ ልደግመው የማልፈልግ ጸያፍ ጽሑፍ። እስከ ምሳ ያላነበበው አልነበረም። ብርቱካን ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ግቢውን ስታቋርጥ ተማሪዎች ከኋላዋ አፏጩባት።

መምህር ቢሮዬ መጡ።

"ስንዱ ልጄ፣ እኔ አልጻፍሁትም።"

"አውቃለሁ፣ መምህር። አሳያለሁ።"

አቶ መኩሪያን ቤተ መጻሕፍት ወስጄ የራሱን ኢሜይል ከፍቶ እንዲወጣ አደረግሁት። ከዚያ ገጹን መልሼ ነካሁ። የራሱ መልእክቶች ፊቱ ተዘረገፉ። አመድ መሰለ።

"አሁኑኑ አስተካክይው!"

"መጀመሪያ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ይየውና..." አልሁት።

"ሌላ ሰው በዚሁ ቢዋረድ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ። ለኮሚቴው እኔ እነግራለሁ።"

እውነት መሰለኝ። ቀዳዳውን በዚያው ቀን ደፈንሁት።

በማግስቱ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ዲኑ ነበሩ። መምህር ጥግ ላይ ቆመዋል፤ ወንበር የሰጣቸው የለም።

"ስንዱ በሰው ኢሜይል መግባት ይቻላል ትላለች። እስኪ ታሳየን" አለ አቶ መኩሪያ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ።

ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጡኝ። ገጹን መልሼ ነካሁት። የይለፍ ቃል ጠየቀ።

"አስተካክይ ብለውኝ እኮ ነው! ትናንት በራስዎ ኢሜይል አላዩም?"

"እኔ ያየሁት ነገር የለም።"

"አሮጌውን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ጭኜ ላሳያችሁ" አልሁ።

"ጨዋታ ልናይ አልመጣንም" አሉ ዲኑ። አንዱ ሳቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

መምህር ተባረሩ። ውሳኔው ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ሰሞን የብርቱካን ወንድም ከደምበጫ መጥቶ ኮሌጁ በር ላይ ጠበቃቸውና በዱላ መንጋጋቸውን ሰበረው። ዘበኞቹ ፊታቸውን አዙረው ቆሙ። አጥንቱ ተጣሞ ገጠመ። መምህር ይጁቤ ገብተው ተቀመጡ፤ ከዚያ ወዲህ ንግግራቸውን የሚለዩት ባለቤታቸው ብቻ ሆኑ።

ብርቱካንን ቤቷ ድረስ ሄጄ ሁሉንም ነገርኋት። "ወንድሜ ታስሯል" አለችኝ። "አሁን ንጹሕ ናቸው ብትይኝ ምን ላድርገው?" በሩን ዘጋችብኝ። መልእክቱን ማን እንደጻፈው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

መምህር አምና ዐረፉ። ቀብራቸው ላይ ዲኑ ተነሥተው፣ "ወንድማችን በአንድ ወቅት ተሳስቶ ነበር፤ እኛ ግን ከልብ ይቅር ብለነዋል" አሉ። "ውሸት ነው!" ብዬ ጮኽሁ። ሴቶቹ ሐዘን አናወጣት ብለው ደግፈው አስቀመጡኝ፤ ውኃም አመጡልኝ።

ያላደረጉት ነገር ይቅር ሲባል እንደዚያ ቀን ሰምቼ አላውቅም። ክስ ቢሆን ይከራከሩታል፤ ይቅርታን ግን ማን ተከራክሮ ያሸንፈዋል? አቶ መኩሪያ ጡረታ ወጥቶ እዚሁ ከተማ ይኖራል፤ ስንገናኝ ጤናዬን ይጠይቀኛል። ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አስቆመኝና፣ "ያ ነገር አሁንም ይከነክንሻል እንዴ?" አለኝ።

"ይከነክነኛል።"

"ተይው፣ አልፏል እኮ" ብሎ ጃንጥላውን ዘረጋና ሄደ። እውነቱን ነው። ለእሱ አልፏል።