ፍራሹን ያስቀመጠልን ጎረቤት

ወልድያ ተከራይቼ የምኖርበት ግቢ ባለቤት ቤተ እስራኤል ናቸው። በትዳር ከጎንደር መጥተው፣ ባላቸው ከሞቱ በኋላም እዚያው የቀሩ እናት። በእሳቸው ፊት ሰው ማማት አይቻልም። ገና አፌን ስከፍት «ተይ ልጄ፣ እኛ አይሁዶች ሰውን በደግ ጎኑ እንድንመዝን ታዘናል» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሳያሙ መዋል በእኛ ሥራ እንዴት እንደሚከብድ አያውቁም።

ጦርነቱ ከተማው ሲደርስ ቤታችንን ቆልፈን ወጣን። ግራና የምትባል ከተማ አካባቢ አንድ ሙስሊም ገበሬ አስጠጋን። እማማ የሌላ ሰው እርድ እንደማይበሉ ሲሰማ «አብሽሩ፣ ሽሮ አይጠፋም» አላቸው።

ከወራት በኋላ ስንመለስ ቁልፉ በእጃችን አለ፤ በሩ ግን ተገንጥሏል። ቤቱ ባዶ ነው።

«ቸግሯቸው ይሆናል» አሉ እማማ።

እኔ በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። ከተማውን ሳይለቅ የከረመው ጎረቤታችን፣ ባለሱቁ፣ የእማማን ፍራሽ ግቢው ውስጥ አስጥቶታል።

«እማማ፣ ሌባው ተገኘ!»

ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ። ጸቡ እንዳያመልጠኝ ተከተልኳቸው። ሱቁ በገዢ ተሞልቷል።

«እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ» አሉት ሁሉም እየሰማ። «ያ ሁሉ ዘራፊ ሲራወጥ ፍራሼን አስቀመጥክልኝ። ጭራሽ ፀሐይ እያስመታህልኝ!»

ሰውየው አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ ገዢውን አየ። «ምን... ጎረቤት አይደለን እንዴ?» አለ።

ሳይመሽ ፍራሹን ተሸክሞ መጣ፤ ያልጠየቅነውን ብርድ ልብስና ድስት ጨምሮ።

«እውነት አስቀምጦልኝ ነው ብለው ነው?» አልኳቸው ብቻችንን ስንሆን።

«ታዲያ ባያስቀምጠው ከየት እናገኘው ነበር?»

የዋህነት ይሁን ብልጠት ዛሬም አልገባኝም። ወሬው ግን ሰፈሩን አዳረሰ፤ ባለሱቁም ባንድ ጊዜ ታማኝ ተባለ። ሰው ሲጣላ ለሽምግልና ይጠሩት ጀመር። በዓመቱ ቆቦ ላይ ውጊያው አገርሽቶ ሰው እንደገና ሲሸሽ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ቁልፉን እሱ ጋ አስቀመጠ። እማማ ቀዳሚ ነበሩ። እኔ ግን እንደገና የገዛሁትን የስፌት ማሽን ባጃጅ ላይ ጭኜ ወጣሁ።

ስንመለስ የማንም ዕቃ አልጎደለም። ሰውየው ግቢ ለግቢ እየዞረ ሲጠብቅ ከርሞ፣ ከስቶና ጺሙ አድጎ አገኘነው። የእኔ ማሽን ግን ስንሸሽ መንገድ ላይ፣ ሲሪንቃ ስንደርስ፣ ከባጃጁ ወድቆ ለሁለት ተሰብሯል።

ይህን ስነግረው ከልቡ ቅር አለው።

«ምነው፣ እኔ ጋ ብታስቀምጪው ምን ነበረበት?» አለኝ።