ቅጠሉ ወዴት ታጠፈ?

የታያል ወጥ ሙት ያስነሣል ቢባል በኔልኩዲ ከተማ የሚከራከር የለም። የደበርጃን ወጧ ሽታ አውቶቡስ ከመስመሩ ያስወጣል፤ ሾፌሩ "ፍሬን እምቢ አለኝ" ይበል እንጂ ምራቁን እየዋጠ ነው የሚወርደው። አያት የሆኑት ሳይቀሩ ሁሉም "አካ" ይላታል፤ ታላቅ እህት እንደ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ምላስ የገዛች ሴት አንዲት ምላስ ብቻ አመለጠቻት፤ የአማቷ የፔቺያማል።

ፔቺያማል በታያል ምግብ ቤት ውስጥ ከምሰሶው ሥር፣ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር የምትበላው። የሆነ ነገር ሲጎድልባት አትናገርም፤ ምግቡ ከሚቀርብበት የሙዝ ቅጠል አጠገብ ወለሉን በጣቷ አንጓ ሁለቴ፣ ኳ ኳ። "ምን ጎደለ እማ?" ሲሏት ዝም። በልታ ስትነሣ ቅጠሉን ከራሷ አርቃ ወደ ፊት ታጥፈዋለች። እኛ ዘንድ እንዲህ የሚታጠፈው በለቅሶ ቤት ነው፤ "እንዲህ ያለ ማዕድ አይድገመን" ለማለት። የጣመው ሰው ግን ወደ ራሱ ያጥፋል፤ "ተመልሼ እመጣለሁ" ነው። አሮጊቷ፣ ምራቷ ገና ሙሽራ ሆና መጀመሪያ ባበሰለችው ማዕድ ላይ ወደ ፊት አጠፈች። ከዚያ ወዲያ እስክትሞት ድረስ በልጇ ቤት በየቀኑ ለቅሶ በላች።

በሙት ዓመቷ ዕለት ታያል አማቷ የምትወደውን ሁሉ ሠርታ ከፎቶግራፏ ፊት ደረደረች። ከየዓይነቱ ጉርሻ ጉርሻ አንሥታ ለቁራ የጓሮ አጥር ላይ አኖረች። ሙታን በቁራ መልክ መጥተው ይቀምሳሉ፤ እነሱ ሳይቀምሱ የቤቱ ሰው እህል አይነካም። ቁራው እምቢ ካለ ሟች ተቀይማለች፤ ያ ቤት ከእንግዲህ እንቅልፍ የለውም።

ኔልኩዲ ከሰው ይልቅ ቁራ የሚበዛባት ከተማ ናት። የዚያን ቀን ግን በሰማዩ ላይ አንድ ክንፍ አልነበረም። ነፋሱ ቆሟል። የኮኮናቱ ዛፍ ትንፋሹን የያዘ ይመስላል። እኔ ጃንጥላ ጠጋኙና ወተት ሻጩ ቫራዳን፣ ሆዳችን እየጮኸ፣ አንገታችንን ወደ ላይ ሰቅለን "ካ! ካ!" እንላለን።

"ጮክ በል እንጂ ቫራዳን! ወተቱ ላይ ውኃ ስትደፋማ ጉልበት አለህ።"

"አንተ ጥራት፤ ድምፅህ የቁራ ነው። ዘመድ መስሏት ትመጣለች።"

ታያል አልሳቀችም። "በሕይወቷ እምቢ አለችኝ፤ ሞታም እምቢ ልትለኝ ነው" አለች። ባሏ ሴንጎዳን ከበሩ ጀርባ ሆኖ፣ "ቀስ በይ፣ እናቴ ትሰማለች" ይላታል።

በዚህ መካከል ከአውቶቡስ የወረደ አንድ ፀጉረ ቀይ መንገደኛ ሻንጣውን እንዳዘለ ገባ። ቮይቴክ እባላለሁ አለ፤ ሆዱን አሳየን። በእንዲህ ያለ ቀን የተራበ እንግዳ አይመለስም። ባዶውን ወለል ሁሉ አልፎ ሄደና፣ ዓመት ሙሉ ማንም ያልደፈረው ጥግ፣ ምሰሶው ሥር ቁጭ አለ።

"እዚያ አይደለም!" አለ ሴንጎዳን። ዘገየ።

ቫራዳን የፈረንጅ እጅ ከሩዝ ጋር ሲታገል አይቶ ሊስቅ ተዘጋጅቶ ነበር። ሰውየው ግን ቅጠሉን ውኃ ረጨው፤ ጨዉን በትንሿ ጣቱ ወደ ዳር ገፋ፤ የሩዙን ክምር አናት ጎደጎደና ወጡ እስኪፈስለት ጠበቀ። አሮጊቷ እንደዚያ ነበር የምታደርገው። ቫራዳን ሳቁን ትቶ ወደ እኔ ተጠጋ። ከዚያ ራሳም፣ ያ በሁመር የሚኮመጥጠው ቀጭን ሾርባ ቀረበለት። ቀመሰ። ዓይኑን ጨፈነ።

ኳ ኳ።

ሴንጎዳን ወጥ የሚያድልበትን ባልዲ ለቀቀው። ታያል ግን ጭልፋዋን እንደ ጎራዴ ይዛ ከጥጉ ፊት ቆመች።

"ምን ጎደለ? ዕድሜዬን ሙሉ ጠየቅሁሽ! ዛሬ ሳትነግሪኝ ንቅንቅ የለም!"

ሰውየው ቋንቋችንን አያውቅም። ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ ጣቱን ወደ ጣራው፣ ከምሰሶው በላይ ወዳለው ወራጅ ቀሰረ። ሴንጎዳን ምሰሶውን ተንጠላጥሎ ወጣ። ከወራጁ ጀርባ ጥላሸት የጠጣ፣ አፉ በጨርቅ የታሰረ ቆርቆሮ አገኘ። ሲፈታው የተቆላ የኒም አበባና የቁንዶ በርበሬ ሽታ ቤቱን ሞላው።

"የአያቴ የራሳም ቅመም!" አለ ሴንጎዳን። "እናቴ አለቀ ብላኝ ነበር።"

"ጣዕሙን ጣራ ላይ ሰቅላ ነው መሬት የምታንኳኳብኝ!" አለች ታያል። ቆንጠር አድርጋ ራሳሙ ላይ ነሰነሰች። ሰውየው በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው፤ ወዲያው ከጓሮ "ካ!" የሚል ድምፅ መጣ። አንዲት ቁራ፣ እውነቴን ነው፣ ዶሮ የምታህል፣ ከአጥሩ ላይ አንድ ፍሬ ሩዝ ሳታስቀር በላችና ምንቃሯን ጠረገች።

ከደንበኞቼ በለቃቀምኳት እንግሊዝኛ መንገደኛውን ጠየቅሁት፤ ምን አይተህ ነው የጠቆምከው?

"እንሽላሊት" አለኝ።

"ማንኳኳቱስ?"

እጁን ገልብጦ አየው። "መቼ?"

እኛም በላን። የሙት ማዕድ ነውና ሁላችንም ቅጠላችንን ወደ ፊት አጠፍን። በመጨረሻ መንገደኛው ተነሣ። ቅጠሉን ቀስ ብሎ፣ ወደ ራሱ አጠፈ፤ እንዳይገለጥ በመዳፉ ተጫነው። አመስግኖ ሻንጣውን አዝሎ ወጣ።

"ታያል" አለ ሴንጎዳን፣ "እናቴን ጣማት።"

"አየሁ።" ፊቷ በርቶ ነበር።

"ወደ ራሷ እኮ ነው ያጠፈችው።"

"አየሁ አልኩህ!"

"ተመልሼ እመጣለሁ ማለት እኮ ነው!"

የታያል ፊት እንደ በራ ቀረ፤ ዓይኖቿ ብቻ ቀስ ብለው ወደ ጥጉ ዞሩ።

በማግስቱ ምሳ ሊቀርብ ሲል ከወጥ ቤቱ መስኮት የቁራ ምንቃር ተሰማ፤ ኳ ኳ። ቫራዳን ጉርሻውን እንደያዘ ደረቀ። ታያል ግን ጭልፋዋን አንሥታ፣ በስስት የያዘችውን ቆርቆሮ ከብብቷ ሥር አጥብቃ ወደ መስኮቱ ሄደች።

"መጣሁ፣ መጣሁ! አሁን ደግሞ ምን ጎደለ?"