አትሮንስ ላይ የወጣው ኮምፒውተር

ከጉና ተራራ እስከ ሐሙሲት ገበያ ድረስ ስለ ኮምፒውተር ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው አልተወለደም፤ ተወልዶም ከሆነ ገና ጡት አልጣለም። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፣ እናቴም ትላለች። ደብረ ታቦር ባለው መሥሪያ ቤታችን ማተሚያው ወረቀት በዋጠ ቁጥር የምጠራው እኔ ነኝ። ጎኑን ጥፊ አቀምሰዋለሁ፣ የዋጠውን ይተፋል። እውነቱን ለመናገር እውቀቴ እዚያው ላይ ያበቃል። ዝናዬ ግን አላበቃም፤ ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር የሚኖሩት አጎቴ ጆሮ ድረስ ዘለቀ።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ጠዋት ጠዋት ስንክሳር ያነባሉ፤ የየዕለቱን ቅዱሳን ታሪክ የያዘውን ያንን ወፍራም መጽሐፍ። ተቀምጠው እንዳይመስላችሁ፤ ጫማቸውን አውልቀው፣ በገዛ እጃቸው ከወይራ ጠርበው በሠሩት የመጽሐፍ ማኖሪያ፣ አትሮንስ ፊት ቆመው ነው። ጎረቤቶቻቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ይመጡና ግድግዳ ተደግፈው ያዳምጣሉ። በውርጩም ቀርተው አያውቁም፤ የእኛ አገር ውርጭ ደግሞ ሰላምታህን አየር ላይ አድርቆ ከሰዓት በኋላ ነው ለሰውየው የሚያደርሰው።

ከመስከረም ወዲህ ግን ፊደሉ ይሸሻቸው ጀመር። ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ እሳቸውን አገላብጦ አየ፤ በዚያው እኔንም ወንበሩ ላይ አስቀመጠና አየኝ። ለእሳቸው፣ “ከዚህ በላይ መነጽር አይረዳዎትም፤ የሚሻለው ፊደሉን ማተለቅ ነው” አላቸው። ለእኔ ያለኝ ለጊዜው ይቆየን።

“ፊደል ይተልቃል እንዴ?” አሉኝ ስንመለስ።

“በኮምፒውተር እንደ ድፎ ዳቦ ያብጣል፣ ጋሼ!”

“እንግዲያ አንተ ታውቃለህ አሉ፣ ምረጥልኝ። ካልሆነ መጽሐፉን ለቤተ ክርስቲያን እሰጣለሁ። የማላነበውን መጽሐፍ አቧራ ሳለብስ አልኖርም።”

አልቀለዱም። መጽሐፉ ከቤት ከወጣ ጎረቤቶቹም አብረው ይቀራሉ፤ የአጎቴ ጠዋት ኦና ይሆናል። እኔ እንኳ ያን ቀን አልቀለድኩም። ትንሽ ቆይቼ ነው የቀለድኩት።

ስንክሳሩን ከአንድ ዲያቆን በፍላሽ አስቀዳሁና ከተማ ወደሚገኝ ኮምፒውተር ቤት ሄድን። አጎቴ በሕይወታቸው መርጠው የገዙት ትልቁ ነገር በቅሎ ነው፤ ስለዚህ ኮምፒውተርም እንደ በቅሎ ነው የሚገዛው። ያንዱን ጀርባ ዳበሱ፣ የሌላውን ዞረው ኋላውን አዩ፣ ማራገቢያው ላይ ጆሯቸውን ለጥፈው፣ “ትንፋሹ ደህና ነው” አሉ።

“ዕድሜው ስንት ነው፣ ልጄ?” አሏት ባለሱቋን።

“አዲስ ነው፣ አባባ። ገና ሰው አልጫነውም” አለች፤ ገብቷታል።

“ይራገጣል?”

“ኧረ አመለ ሸጋ ነው! መብራት ሲጠፋ ብቻ ይተኛል።”

“ሲተኛ እንጠብቀዋለን። ሻማስ ያልቅ የለ?”

እኔ ግን ዓይኔን የጣልኩት እንደ ቂጣ የሳሳ ላፕቶፕ ላይ ነበር። “ጋሼ፣ ይሄ ነው! በብብትዎ ይዘውት ይዞራሉ።”

“የት ልዞር?”

“መብራት ቢጠፋም አይሞትም።”

“የት አስቀምጬ ላነበው ነው?”

“ጭንዎ ላይ አድርገው።”

“ስንክሳር? ጭኔ ላይ?” ባለሱቋ ሳቋን ልትደብቅ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች። አጎቴ ግን ተቆጥተው አልቀሩም፤ “እስኪ የዛሬውን አንብብልኝ፣ ፊደሉ ይጠራ እንደሆን ልስማ” አሉ።

ባለሱቋ ፍላሹን ሰክታ ገጹን ከፈተችልኝ፤ የሳሳው መስታወት ላይ ግን ፊደሉ ለዓይኔ እንደ ተበተነ ጤፍ ነበር። ቢሆንም ወሬ እንጂ ዝምታ አልተፈጠረብኝም። “በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ” ብዬ ጀመርኩ፤ ይህን ማን ይስታል? ከዚያ ወዲያ በልጅነቴ ከሰማሁት እያገጣጠምኩ፣ “ይህ አባት በበረሃ ኖረ፤ ጽሙድ ነበረ፤ ጺሙም እስከ ጉልበቱ ወረደ” እያልኩ በሚያምር ዜማ አወረድኩት። አጎቴ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። “ድምፅህ ጥሩ ነው” ብቻ አሉ።

ከዚያ ከጋቢያቸው ሥር አንዲት ሲባጎ አወጡ። አትሮንሱን የለኩባት ናት። በየኮምፒውተሩ ግንባር ላይ እየዘረጉ ሄደው ሄደው ሁለመናው መስታወቱ ውስጥ የታጨቀ፣ በጣት ሲነኩት ገጹ የሚገላበጥ አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ላይ ቆሙ። ሲባጎዋ ልክ መጣች። ባለሱቋ ያንኑ የዛሬውን ገጽ ከፈተችና ፊደሉን አተለቀችው፣ አሁንም አተለቀችው፤ አንዱ ፊደል የእኔን ጭንቅላት አከለ።

አጎቴ ጫማቸውን አወለቁ። ሱቅ መሀል በካልሲ ቆመው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ “ይህችም ቅድስት…” ብለው ማንበብ ጀመሩ።

ይህችም! ባለሱቋ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

ድምፃቸው መጀመሪያ ተጠራጠረ፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ቀና አለ፤ ሦስተኛው ላይ ግን ለመንገዱም ተረፈ። ሽንኩርት የተሸከመች ሴት በሩ ላይ ቆመች። ከኋላዋ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ኬብል ሊገዛ የመጣ ጎረምሳ ኬብሉን እንደያዘ አማተበ። አጎቴ አንብበው ሲጨርሱ ሱቁ በሙሉ “አሜን” አለ፤ እሳቸው ወደ ባለሱቋ ዞረው፣ “ልጄ፣ ይሄን ጠቅልይልኝ” አሏት። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ አቧራ ገባብኝ አሉ። በዚያ ሱቅ አቧራ አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ኮምፒውተሩ የስንክሳሩን መጎናጸፊያ ለብሶ አትሮንሱ ላይ ወጣ። መጽሐፉ ከጎኑ፣ በክብር መደርደሪያ ላይ ሆነ። ጎረቤቶች ሞልተው መጡ፤ አጎቴ አንድ ቃል ሳይገድፉ አነበቡ። ችግር የመጣው ከንባቡ በኋላ ነው። እንደ ልማዳችን ንባብ ሲያልቅ መጽሐፉን መሳለም አለ። ኮምፒውተር በሚገዛበት ቀን ይህን ያሰበ ሰው የለም፤ እኔ ሊቁም ጭምር። የመጀመሪያዋ አሮጊት ቀርበው መስታወቱን በግንባራቸውም በከንፈራቸውም ተሳለሙ፤ ገጹ ተፈተለከ። ሁለተኛዋም ተሳለሙ፤ ጥር አለፈ። አንድ ሽማግሌ በእምነት ጠበቅ አድርገው ሲስሙት ሚያዝያ ገባን።

“እናንተ ሰዎች!” አሉ አጎቴ፣ “ሁዳዴን ሳታስጾሙን ፋሲካ አደረሳችሁን እኮ!”

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ሰው የሚሳለመው የአትሮንሱን እግር ነው፤ ወይራው ከመሳሙ ብዛት ማብረቅ ጀምሯል።

ሰዉ ሲበተን አጎቴ ጠጋ አሉኝ።

“ትናንት ያነበብከው የሴት ታሪክ ነበር።”

“ገጹ ተገላብጦብኝ ነው፣ ጋሼ።”

“ገጹ አልተገላበጠም። ሴትየዋን ጺም አበቀልክላት።” ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ቀጠሉ፦ “እኔም ከመስከረም ወዲህ እንዳንተው በቃሌ ነበር የማወርደው። ዓይኑ የከዳው ሰው ቢጤውን አይስትም። ና ቁም እዚህ።”

አትሮንሱ ፊት አቆሙኝ። ጫማዬን አወለቅሁ። አነበብኩ፤ በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ገጽ ሳላምታታ አነበብኩ።

ለእኔም ሐኪሙ አጎቴን የወሰድኩ ቀን መነጽር አዞልኝ ነበር። ተሠርቶ መጥቷል፤ መሥሪያ ቤት መሳቢያዬ ውስጥ፣ ከነማኅደሩ አለ። ያላደረግሁት፣ መነጽር የሌለው ፊቴ የሚያምር ስለሚመስለኝ ነው። ይህንንም የጻፍኩት አጎቴ ቤት፣ አትሮንሱ ፊት በካልሲ ቆሜ፣ ፊደሉን አተልቄ ነው።