የአባቴን ስም የጠየቀኝ ሰው

ሎስ አንጀለስ ኤርፖርት ላይ "ወደ አገሬ መመለስ እፈራለሁ" ብዬ በተናገርኩ በስድስተኛው ሰዓት እጄ በካቴና ታሰረ። ካቴናውን የገጠመልኝ ፖሊስ "ጠበቀህ እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ። በአገሬ ሁለት ጊዜ ስታሰር እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። እናም ከደግነቱ ይልቅ "ይሄ ሰው ምን ፈልጎ ነው?" የሚለው ሐሳብ ቀድሞ መጣብኝ። በዚህ ጽሑፍ የሰው ስም አልጠራም። ልማድ ሆኖብኛል።

የገባሁበት ክፍል ሁለት ሁለት የተደራረቡ ስምንት የብረት አልጋዎች ነበሩት። መጸዳጃው እስከ ወገብ ከሚደርስ ግድግዳ ጀርባ ነው። ከጣሪያው ቀዝቃዛ አየር ሳያቋርጥ ይወርዳል፣ መብራቱ አይጠፋም፣ ሁሉም ነገር በረኪና በረኪና ይሸታል። የአገር ቤቱ ክፍል የሚሸተው የሰው ላብ ነበር። እዚያ ግን ተጠጋግተን ስለምንተኛ ብርድ አናውቅም።

የተሰጠኝን ብርድ ልብስ ታቅፌ እንደቆምኩ ከታችኛው አልጋ አንድ ሽማግሌ ተነስቶ ተቀመጠ። ግዙፍ ሰውዬ ነው፤ በሁለቱም ጉንጩ ላይ ሦስት ሦስት የቆየ የጠባሳ መስመር አለው። ናይጄሪያዊ ነበር፣ ዮሩባ ከሚባለው ሕዝብ። በእንግሊዝኛ "እንኳን ደህና መጣህ" አለኝና አስከተለ።

"አባትህ ማን ይባላል?"

ይህን ጥያቄ አውቀዋለሁ። በአገሬ ምርመራ ሲጀመር መጀመሪያ "ስምህን ከነአያትህ" ይላሉ። ቀጥሎ "አባትህ የት ነው የሚሠራው?" ይመጣል። ከዚያ "እሱንም እናመጣዋለን።" ደግሞ እዚያው ክፍል ውስጥ ዳቦውን ከእኔ ጋር የሚካፈል፣ ስለ ቤተሰቤ በለሰለሰ ድምፅ የሚጠይቀኝ አንድ እስረኛ ነበር። ለእሱ ብቻ የነገርኩትን በሳምንቱ መርማሪው ጠረጴዛ ላይ ተጽፎ አገኘሁት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ አንዴ ተመንጥሬያለሁ።

ስለዚህ ለሽማግሌው የሰፈራችንን ሥጋ ሻጭ ስም ሰጠሁት።

"ሥራውስ?" አለኝ።

"ሥጋ ሻጭ።"

"መልካም ሥራ ነው" አለና ተመልሶ ተጋደመ። ጠባቂዎቹ የሚጠሩኝ በፓስፖርቴ መጨረሻ ላይ ባለው በአያቴ ስም ነበር። አፋቸው ውስጥ ገብቶ ሲወጣ አያቴ ራሳቸው ቢሰሙት አይለዩትም። ስለዚህ የአባቴ ስም ከሰውዬው የተሰወረ መሰለኝ።

በማግስቱ ከጠዋቱ ቆጠራ በኋላ ሰውዬው ክፍሉ መሀል ቆመና በቋንቋው እንደ ዜማ ያለ ነገር ማሰማት ጀመረ። ለእያንዳንዱ እስረኛ በየተራ ነው። እኔ ጋ ሲደርስ በእንግሊዝኛም ደገመው። "የሥጋ ሻጩ ልጅ፣ ቢላዋው የማይዶለዱም፣ ሚዛኑ የማያጋድል፣ እንዴት አደርክ?" ሌሎቹ ይስቃሉ፣ ይወዱታልም። እኔ ብርድ ልብሴን ተከናነብኩ።

እሁድ እትዬ ሊጠይቁኝ መጡ። እትዬ የእናቴ የድሮ ጎረቤት ናቸው፤ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፌርፋክስ መንገድ ላይ በርበሬና ሽሮ የሚሸጡበት ሱቅ አላቸው። አሜሪካ ስገባ ኪሴ ውስጥ የነበረው ስልክ ቁጥር የእሳቸው ብቻ ነው። በመስታወት ተለያይተን በስልክ እጀታ እናወራለን።

"ስማኝ፣ እዚያ ውስጥ ስለ ኬስህ ለማንም ቶክ እንዳታደርግ" አሉኝ። "ባለፈው አንዱ የሰው ስቶሪ ኮፒ አድርጎ ቀድሞ ፋይል አደረገ። ሶ ባለቤቱ ዳኛው ፊት ሲቀርብ ውሸታም ተባለ። ዲፖርት አደረጉት። ኦኬ?"

"እሺ እትዬ። ደግሞ አንድ የአባቴን ስም የሚጠይቅ ሽማግሌ አለ።"

"ወይ ጉድ! ራቀው!"

ዳኛ ፊት ልቀርብ አራት ሳምንት ቀርቶኝ ነበር። ዳኛው ካላመነኝ በአውሮፕላን ተጭኜ የምመለሰው ለሸሸኋቸው ሰዎች ነው። ያለኝ ንብረት ታሪኬ ብቻ ነበር፤ እሱንም ሊሰርቀኝ የመጣ ሰው ከእኔ በታች ይተኛል።

ሰውዬው ከሰዓት በኋላ ያወራል። ሰኞ ዕለት የአገሩን አመጣጥ ነገረን። መጀመሪያ ሁሉ ውሃ ነበር አለ። የሰማዩ ጌታ ለታላቁ ልጅ ሰንሰለት፣ በቀንድ አውጣ ቅርፊት የተሞላ አሸዋና አምስት ጣት ያለው አውራ ዶሮ ሰጥቶ "ውረድና ምድርን ሥራ" አለው። ታላቁ መንገድ ላይ የዘንባባ ጠጅ ጠጥቶ ተኛ። ታናሹ ኦዱዱዋ ዕቃውን አንስቶ በሰንሰለቱ ወረደ፣ አሸዋውን ውሃው ላይ አፈሰሰ፣ ዶሮው ጫረው፣ የተበተነው ሁሉ መሬት ሆነ። የኦዱዱዋ የልጅ ልጅ ኦራንሚያን ደግሞ አንገቱ ላይ መድኃኒት የታሰረለት እባብ ተከትሎ ሄደ። እባቡ መሬት ውስጥ በገባበት ቦታ ከተማውን ቆረቆረ፤ የኦዮ መንግሥት ከዚያ ጀመረ።

ረቡዕ ዕለት ደግሞ ኦዱዱዋ ከምሥራቅ በእግሩ እንደመጣ፣ በሃይማኖት ጠብ ከአገሩ ተባሮ እንደተሰደደ ነገረን።

"ሰኞ ከሰማይ ነው የወረደው ብለህ ነበር" አልኩት።

"ሁለቱም ነው" አለና ሳቀ።

ሰኞ ታክሲ ነጂ ነኝ ብሎ ነበር፤ ረቡዕ በቤተ መንግሥት የነገሥታቱን ስም በቃል ይዘው ንጉሡን በየማለዳው በአባቶቹ ስም ከሚቀሰቅሱ ሰዎች ቤት ነው የተወለድኩት አለ። መርማሪዎቼ ጆሮዬን በደንብ አሠልጥነውታል፤ የማይገጥም ታሪክ ስሰማ ይነቃል። በዚያ ላይ ሰውዬው ይጽፋል። እራት ከበላን በኋላ በእርሳስ ቁራጭ ቢጫ ወረቀት ላይ ይጽፍና ፍራሹ ሥር ያስገባዋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነልኝ።

ክፍሉ ውስጥ አንድ የአገሬ ልጅ ነበር፣ ሳንታ ሞኒካ ሆቴል ውስጥ መኪና ፓርክ ሲያደርግ የኖረ ጴንጤ። ዓርብ ዕለት ለእሱ "ሰውዬው ጆሮ ጠቢ ነው" አልኩት። ያልኩት ይህችን ብቻ ነው።

"ጌታ ሆይ! እኔም ያ ራይት የሚያደርገው ነገር ደስ አላለኝም" አለ።

እስከ እራት ክፍሉ ሁሉ ሰማ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰውዬው በተቀመጠበት ጠረጴዛ የሚቀመጥ ጠፋ። ዘጠኝ ቀን ብቻውን በላ። ጠዋት ጠዋት ግን ሰላምታውን አላቆመም፤ ፊታችንን ለግድግዳ ሰጥተን ስንተኛ ለጀርባችን ያዜምልን ነበር። ከዚህ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አላዘንኩለትም። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። በአገሬ ያልቻልኩትን እዚህ የቻልኩ መሰለኝ።

በስድስተኛው ቀን ሊታጠብ ሲሄድ ወረቀቱን ከፍራሹ ሥር አወጣሁት። ፊደሉ ላቲን ነው፤ ከአንዳንዱ ፊደል ሥር ነጥብ አለው፣ ቋንቋው አይገባኝም። መሀል ላይ ግን የሥጋ ሻጩን ስም አገኘሁ። ያንን ገጽ ገልብጬ ወረቀቱን ወደ ቦታው መለስኩ፤ ግልባጩን ለእትዬ በፖስታ ላክሁ። ከሱቃቸው አጠገብ ፀጉር የምትሠራ ዮሩባ ሴት እንዳለች ነግረውኝ ነበር።

ወረቀቱን በገለበጥኩ በሁለተኛው ቀን ሰውዬው ወደ እኔ ዞሮ የማንም ጆሮ ያልፈለገውን ታሪክ ተረከ። ኦራንሚያን ሲያረጅ ሕዝቡን "መሬት ውስጥ እገባለሁ፣ ጠላት ሲመጣባችሁ ጥሩኝ" ብሏቸው ነበር። አንድ የበዓል ቀን ሰክረው ሊፈትኑት ጠሩት። ሰይፉን መዝዞ ወጣና ያገኘውን ሁሉ ማጨድ ጀመረ። "የአንተው ሰዎች ነን!" ብለው ሲጮኹ ቆመ፤ የወደቁትን ሰዎች ፊት አየ። ሰይፉን መሬት ላይ ተክሎ ሄደ፤ ዳግመኛ አልተመለሰም።

"የተከለው ድንጋይ ሆኖ ዛሬም ቆሟል" አለኝ። "በእጄ ነክቼዋለሁ።"

ሰይፍ የሚለውን ስሰማ ዛቻ መሰለኝ። ያን ሌሊት ጫማዬን ሳላወልቅ ተኛሁ።

እሁድ እትዬ መጡ። የስልኩን እጀታ ያነሱበት አኳኋን ደስ አይልም።

"ፀጉር ሠሪዋ ልጅ ስታነበው አለቀሰች" አሉ። "ይሄ እኮ ምርቃት ነው! የእያንዳንዳችሁን አባት እያነሳ ነው የሚያወድሰው። ያንተን ስማ፣ 'ሚዛኑ የማያጋድል የሥጋ ሻጭ ልጅ፣ ዳኛ ፊት ሲቆም ምላሱ አይታሰር' ይላል። የጥንቱን ደንብ የሚያውቅ ሰው ነው የጻፈው አለችኝ።" ወደ መስታወቱ ጠጋ አሉ። "ቆይ፣ ሥጋ ሻጩ ደግሞ ማነው? አባትህ ባስ ድራይቭ ያደርጉ አልነበር እንዴ?"

እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ስመለስ ሽማግሌው ዕቃቸውን በፕላስቲክ ከረጢት እያስገቡ ነበር። በነጋታው ጠዋት ወደ ናይጄሪያ ሊመልሷቸው ነው። እስካሁን ሰውዬው እያልኩ አንተ ያልኳቸው በዚያን ጊዜው አፌ ነው፤ ከዚህ በኋላ አልችልም። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። ጆሮ ጠቢ ናቸው ያልኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ወረቀታቸውን ገልብጬ ለፀጉር ሠሪዋ ልጅ እንዳስነበብኩ፣ ሥጋ ሻጩ አባቴ እንዳልሆነ።

"ጽሕፈቴ መጥፎ ነው" አሉ። "ልጅቷ ማንበብ ቻለች?"

"ችላለች።"

"ሥጋ ሻጩ አባትህ እንዳልሆነ አውቄ ነበር። የአባቱ ስም ሲጠራ ሰው አንገቱ ቀና ይላል። አንተ ትደነግጣለህ።"

"ታዲያ ለምን በየቀኑ ያወድሱኝ ነበር?"

"ሥጋ ሻጩስ ምን አደረገ?" አሉና ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። "ዘጠኝ ቀን ግን ረጅም ነው።"

የአባቴን እውነተኛ ስም፣ የአያቴንም ነገርኳቸው። አባቴ የከተማ አውቶቡስ ነጂ ነበር። ስታሰር በየሳምንቱ በዕረፍት ቀኑ ሦስት አውቶቡስ ለውጦ ስንቅ ያመጣልኝ ነበር። እሱን አያስገቡትም፤ ምሳ ዕቃው ብቻ ይገባል። ክዳኑ ጠርዝ ላይ ጭረት ያለበት ሰማያዊ ምሳ ዕቃ ነው፤ እሱን ሳይ አባቴ በር ላይ እንደቆመ አውቃለሁ። አንድ ሳምንት ቀይ ምሳ ዕቃ መጣ፣ የጎረቤት። መሞቱን ያወቅሁት በዚያ ነው። አልቀበርኩትም። ይህን ለጠበቃዬም ተናግሬ አላውቅም ነበር።

ሽማግሌው እርሳሳቸውን አወጡ። "የሚነዳው አውቶቡስ ቁጥሩ ስንት ነበር?"

ነገርኳቸው። ጻፉት።

ጠዋት ከቆጠራ በኋላ ጠባቂው ጠራቸው። ሲታሰሩ የለበሱትን የራሳቸውን ሸሚዝ ለብሰው ነበር፤ ሰፍቷቸዋል። እጃቸው በካቴና ሆኖ በሩ ጋ ሲደርሱ እኔ ፊታቸው ሲሚንቶው ላይ በደረቴ ተኛሁ። በአገራቸው ልጅ ለታላቁ፣ ሰው ሁሉ ለንጉሡ እንዲህ ደረቱን መሬት አስነክቶ ሰላም እንደሚል ነግረውን ነበር። ያኔ በሆዴ ስቄባቸዋለሁ።

ጠባቂው "ተነስ!" ብሎ ጮኸ።

የአገሬ ልጅ ካልጋው ላይ "ምን ነካህ? ትረብል ውስጥ ትገባለህ! ተነስ እንጂ!" አለኝ።

አልተነሳሁም። ሲሚንቶው ጉንጬን ያቃጥለኝ ነበር፣ ከብርዱ ብዛት። ሽማግሌው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጀመሩ፤ በቋንቋቸው አባቴን በስሙ ጠሩት፣ አያቴን ጠሩ፣ የአውቶቡሱን ቁጥር ጠሩ። ከዚያ በእንግሊዝኛ፦ "ሦስት አውቶቡስ ለውጦ የመጣው፣ ከበር የተመለሰው፣ በሚቀጥለው ሳምንትም የመጣው ሰው ልጅ፣ እንዴት አደርክ?"

"ደህና አደርኩ" አልኩ ከመሬት።

ጠባቂው እስኪጨርሱ ጠበቀ። ለምን እንደጠበቀ አላውቅም። ስነሳ በሩ ተዘግቷል፤ ክፍሉ ውስጥ ማንም አልሳቀም።

ዳኛው ፊት የቀረብኩት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። አስተርጓሚዋ በስልክ ነበረች። ምሳ ዕቃው ሰማያዊ እንደነበረ፣ በኋላም ቀይ እንደሆነ ነገርኩት። አመነኝ። በምን እንዳመነኝ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ዛሬ እዚያው አካባቢ ቶራንስ ከተማ ውስጥ እሠራለሁ፤ እሁድ እሁድ ፌርፋክስ እሄዳለሁ። አሁንም ስቀመጥ ፊቴን ወደ በሩ አዞራለሁ፤ አሁንም ብዙ የሚጠይቅ ሰው ሲያጋጥመኝ ስልኩን የት እንዳስቀመጠ አያለሁ። ይሄ የሚለቀኝ አይመስለኝም። ስለ ሽማግሌው ፀጉር ሠሪዋን ጠይቄያት ነበር፤ አገሩ ሰፊ ነው አለችኝ። ብቻቸውን የበሉባቸውን ዘጠኝ ቀናት የምመልስበት መንገድ የለኝም። ኦራንሚያንስ ሰይፉን የሚተክልበት መሬት ነበረው።

ባለፈው እሁድ እትዬ ሱቅ ውስጥ ከዚያ በፊት አይቻቸው የማላውቅ አንድ አዛውንት ሽሮ እስኪመዘንላቸው ቆመው ነበር። ዞር ብለው አዩኝና እንደ አገራችን ሽማግሌዎች ሁሉ ያለ ምንም መግቢያ "አንተ፣ የማን ልጅ ነህ?" አሉኝ። መጀመሪያ በሩን አየሁ። ከዚያ ስልካቸውን። እትዬ ሚዛኑን ትተው እኔን ያያሉ።

"የበየነ ልጅ ነኝ" አልኩ። "የአውቶቡስ ነጂው።"