የሀያት ገንዳ በቅበላ ሰሞን

ደብረ ታቦር ውስጥ ለማየት ብቻ የሚቀለብ እንስሳ የለም። ውሻ ይጮሃል፣ ድመት አይጥ ታሳድዳለች፣ አህያ ትሸከማለች፣ በግ ደግሞ ቀኑን ይጠብቃል። ዶሮ እንኳ እንቁላል መጣል ስታቆም ምን እንደሚጠብቃት ታውቀዋለች። የሀያት ጥፋት ከኩዌት ስትመለስ ይህን የአገር ሕግ ረስታ መምጣቷ ነው።

ኩዌት የሰው ቤት ስትጠርግ፣ የሰው ልጅ ስታጥብ ነው የኖረችው። በዚያ ቤት ሳሎን ግድግዳ የሚያህል የመስታወት ገንዳ ነበር። ገንዳውን ማጽዳትም ዓሦቹን ማብላትም የእሷ ሥራ ነበር፤ በቤቱ ውስጥ ሳይቆጣት የሚያያት ፍጥረትም ዓሣ ብቻ። «አገሬ ስገባ ለራሴ አሠራለሁ፤ ያውም የጣናን ዓሣ አስገብቼ» ትላቸው ነበር በአማርኛ። መልስ አልሰጧትም፣ አልተቃወሟትምም።

እኩዮቿ ተመልሰው ሱቅ ሲከፍቱ ሀያት የመስታወት ሠራተኛውን ነጂብን ጠራችው። ነጂብ ዕድሜውን ሙሉ መስኮት ሲገጥም የኖረ ሰው ነው። የአባቷን ሳሎን በሜትር ለካና ወለሉን በተረከዙ መታ መታ አደረገ።

«ሀያት፣ ይሄ ውሃ ሲሞላ ከበሬ ይከብዳል እኮ።»

«ከበሬ?»

«ከጥማድ በሬ። ከነአራሹ።»

የድንጋይ መደብ አስገነባች። ከጉማራ ወንዝ ጠጠር አስመጥታ ነጭ እስኪሆን አጠበችው። የቧንቧው ውሃ መድኃኒቱ እስኪበን በበርሜል አሳደረችው። ለዓሦቹ መደበቂያ ብላ አፉ የተሸረፈ ገንቦ ከታች አጋደመች። የጉና ብርድ ለጣና ልጅ አይመችምና የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሰቀለች፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ደግሞ ውሃውን በጣሳ እየቀዳች ከላይ እያፈሰሰች፣ ክንዷ እስኪዝል አየር ታስገባላቸዋለች። መብራቱም የሚጠፋው እሷ ጣሳውን ስታስቀምጥ እያየ ነው የሚል ወሬ ነበር።

ዓሦቹ ከሐይቁ ዳር በጀሪካን ሆነው በሚኒባስ መጡ። መዳፍ የሚያህሉ ቀረሶዎች፣ ጥቂት ነጭ ዓሦች፣ አንዲት ትንሽ አምባዛ፤ ትንሽ ብትሆንም ጢሟ የመሪጌታ ነበር። ገንዳው በርቶ ዓሦቹ መዋኘት ሲጀምሩ አባቷ ጋሽ ኢብራሂም ወንበር ስበው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። ጨርቅ ሲነግዱ ያረጁ፣ ነገር ቶሎ የማይነካቸው ሰው ናቸው። ያን ቀን ግን ዓይናቸው ውሃ አዝሏል።

«ገባኝ ልጄ» አሉ። «አላህ ይውደድሽ። ገብቶኛል።»

ሀያት ውበቱ የገባቸው መሰላት።

ወሬው ከተማውን ዞሮ አንበሳሜ ደረሰ፤ ከአንበሳሜ ሲመለስ አምባዛዋ ጥጃ አክላለች። ሰው እየመጣ ያያል፣ ያደንቃል፣ ሲወጣ ግን ሁሉም አንድ ጥያቄ ይጥላል፤ «መቼ ነው?» ሀያት መጀመሪያ ላይ «ምኑ?» ትል ነበር። ይስቁና ትከሻዋን መታ አድርገው ይሄዳሉ። አንዲት ሴት ገንዳውን አይታ ስትጨርስ ባዶ ድስት ትታ ሄደች። «ያስፈልግሽ ይሆናል» ብቻ ነው ያለችው።

ከሁሉ የምታዘወትረው የጎረቤታቸው የጋሽ ይሻው ሚስት እትዬ ብዙነሽ ናት። በመጣች ቁጥር ጣቷን መስታወቱ ላይ ታሳርፋለች።

«ይሄኛው ጎኑ ሞላ።»

«የትኛው እትዬ?»

«ጠይሙ። ያኛው ግን ከሳ፣ ምን ነክቶት ነው? ጨምሪለት እንጂ፣ አትሰስቺ።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «በጥብስ ነው በወጥ ያሰብሽው?»

ሀያት ሳቀች። ብዙነሽ አልሳቀችም።

«እትዬ፣ እነዚህ እኮ ለማየት ናቸው።»

«አዎ እሱማ ይታያሉ። በግም እስኪታረድ ይታያል።» ብዙነሽ ሻሿን አጥብቃ አሰረች። «ስሚ ልጄ፣ አባትሽና የኔ ሰውዬ የአንድ እናት ልጆች ናቸው ቢባል ይሻላል። ግን በሰርጌ ጊዜ አባትሽ ለብቻው በግ ተሰጥቶት፣ ለብቻው ባርኮ አርዶ፣ ለብቻው ጓዳ ነው የበላ። እህትሽ የተዳረች ጊዜ ይሻው እዚህ ግቢ ጥግ ላይ የክርስቲያኑን ሥጋ በላ። ይኸው አረጁ፤ ከአንድ ትሪ ሥጋ ቆርሰው አያውቁም። ዓሣ ግን ማን ይባርከዋል? ቢላዋ አይፈልግ፣ ከውሃ ወጣ ማለት ሞተ። የእስላም የለው፣ የክርስቲያን የለው። እኛ ይሄን ሁሉ ዘመን እያለን አልታየንም፤ ኩዌት ሆነሽ አንቺ አሰብሽው! አባትሽ ለሰው ሁሉ ሲናገር ያለቅሳል።»

የገንዳው አየር መንፊያ ቡልቅ ቡልቅ ይላል።

ሀያት እውነቱን ለአባቷ ልትነግር ገባች። ጋሽ ኢብራሂም የዒድ ልብሳቸውን አውጥተው አልጋው ላይ ዘርግተዋል።

«አባባ፣ ስለ ዓሦቹ…»

«ለይሻው ነገርኩት። የቅበላ እሑድ ነው። ጾሙ ከገባማ አንዱ ቄስ ዓሣ ይበላል፣ አንዱ አይበላም እያሉ ያስጨንቁታል። ወዲያው ደግሞ ረመዳን ነው።» ሳል ያዛቸው፣ ቆየባቸው። «ለከርሞ ማን አለ ማን የለም፣ ልጄ? ምን ልትይኝ ነበር?»

«ምንም አባባ።»

ቅበላ እየቀረበ ሲመጣ ግቢው ውስጥ ነገሮች ራሳቸውን ይጨምሩ ጀመር። አንድ ቀን ማለዳ እንጨት ተከምሮ አገኘች። ሌላ ቀን ዘይት፣ ሌላ ቀን የሰርግ የሚያህል መጥበሻ። ማን እንዳመጣው የሚናገር የለም፤ ሁሉም ፈገግ ይላል። ዓሦቹም የሰው ጥላ መስታወቱ ላይ ባረፈ ቁጥር ምግብ መጣ ብለው እየተሽቀዳደሙ ወደ ጥላው ይመጣሉ።

ሀያት ዘዴ አገኘች። የቅበላ እሑድ ጎሕ ሲቀድ ሐሙሲት ወርዳ፣ የሐይቅ ዓሣ ከሚሸጡት ልጆች የሞተ ዓሣ ገዝታ፣ ያንን ጠብሳ ልታቀርብ ነው። ሽማግሌዎቹ ከአንድ ትሪ ይበላሉ፣ የእሷም ይድናሉ። የተጠበሰ ዓሣ ስሙን አይናገርም።

የገዛቻቸው ዓሦች ትልልቅ ነበሩ። መመለሻዋ ላይ ግን የሚኒባሱ ጎማ ተነፈሰ፣ ትርፍ ጎማውም ተነፈሰ፤ ረዳቱም ጎማ ቢሆን የሚተነፍስ ነበር። ከረጢቱን ታቅፋ የሰፈሯን መታጠፊያ ስትደርስ አፍንጫዋን የጋለ ዘይት ሽታ ቆነጠጠው።

እትዬ ብዙነሽ እጅጌዋን ሰብስባ መጥበሻው ላይ ናት። የሀያት መረብ፣ ከኩዌት ያመጣችው ስስ መረብ፣ እርጥብ እንደሆነ አጥሩ ላይ ተሰጥቷል።

«እንኳን ደረስሽ! ስታሰቢ ስታበዪ የኖርሽ ልጅ ዛሬ ምን አለፋሽ ብዬ እኮ ነው። አባትሽ ራሱ ነው ያወጣቸው፤ እንደ ልጅ ውሃ ተራጨ!» ዓይኗ ከረጢቱ ላይ አረፈ። ከፈተችው። «ኧረ እልል በሉ! ጨመረችበት!»

ግቢው በእልልታ ተናጋ።

ሳሎን ውስጥ ዓሣ የማይታይበት ገንዳ መብራቱ እንደበራ ነው። ከፊቱ ጋሽ ኢብራሂምና ጋሽ ይሻው በአንድ ትሪ ላይ አጎንብሰዋል።

«ጭንቅላቱን ተው፣ የኔ ነው።»

«አንተ መቼ ጥርስ ኖሮህ?»

«ለዚህ ቀን ያስቀመጥኳት አንዲት አለችኝ!»

እየሳቁ እንባቸውን ይጠርጋሉ። ጋሽ ኢብራሂም ልጃቸውን ሲያዩ አጥንቱን ለቅመው ትልቅ ጉርሻ ጠቀለሉ። የአባት ጉርሻ አይመለስም። ሀያት ቆዳውን አየችው፤ ጠይሙ ነው። አፏን ከፈተች። ጣፈጣት፤ የባሰውም እሱ ነው።

«ጢማሟ አልያዝ አለች» አሉ ጋሽ ይሻው ከንፈራቸውን እየጠረጉ። «ገንቦው ውስጥ ገብታ ቀረች።»

«ለዒድ ትሁና።»

«እኔ ሁዳዴ ላይ ሆኜ? ልታስኮንነኝ ነው? ለፋሲካ ትሁን፤ ያን ጊዜ አንተም ፈትተሃል፣ እኔም ፈትቻለሁ።»

«ፋሲካ ይሁን። እስከዚያ ትደልባለች።» ተጨባበጡበት።

በማግሥቱ አምባዛዋ ከገንቦው ወጣች። ሰፊው ውሃ የብቻዋ ሆኖላት ዞረችና ሀያት ፊት መጥታ አፏን ከፍታ ቆመች። ሀያት በእጇ የምድር ትል ይዛለች። ብታበላት ትደልባለች፤ ባታበላት ትሞታለች።

«አብያት ልጄ፣ አብያት» አሉ ጋሽ ኢብራሂም ከኋላዋ፣ በሳል መሃል፣ በደስታ። «ይሻው ደወለ፤ እንዴት አደረች ይላል።»

ጢሟ መስታወቱን ነካ ነካ ያደርጋል። ሀያት እጇን ከውሃው በላይ ዘርግታ ብዙ ቆየች። ከዚያ ጣቶቿን ከፈተች።