ሦስተኛው ቱቦ

ዓርብ ጠዋት ደህና የነበረው አሮጌው የጭነት መኪናችን እሁድ ጠዋት ሳስነሳው ይንዘፈዘፍ ጀመር። ከሰፈራችን ከሃዳር ጋኒም ሳልወጣ ጥርሴ እስኪንቀጫቀጭ አንገጫገጨኝ። እንደምንም ጋራዥ ደረስኩ። መካኒኩ ኮፈኑን እንኳ በወጉ ሳይከፍት፣ «ሞተሩ አልቆለታል። ያላ፣ በይ ለብረት ሽጪው» አለኝ።

ደሜ ፈላ። በዕብራይስጥ «በሰደር»፣ እሺ ብዬው መኪናዬን ይዤ ተመለስኩ። ሳልሞክረውማ ለማንም አልሸጠውም!

ቆሞም ስለሚንቀጠቀጥ ጥፋቱ የጎማ አልነበረም። ሞተሩን ሳላጠፋ፣ ለየሲሊንደሩ ናፍጣ የሚያደርሱትን ቱቦዎች ብሎን በየተራ ማላላት ጀመርኩ። የሚሠራው ሲሊንደር ቱቦ ሲላላ የሞተሩ ድምፅ ይለወጣል፤ የማይሠራው ሲላላ ግን ምንም ለውጥ የለም። አንደኛውን ሳላላው ሞተሩ ሊጠፋ ደረሰ፤ መልሼ አጠበቅሁት። ሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ። ሦስተኛው ግን መፍቻ እንኳ አላስፈለገውም፤ ብሎኑ በጣቴ ዞረ። ዙሪያው በናፍጣ ርሷል።

ያን ጊዜ የዓርቡ አመሻሽ ትዝ አለኝ። አባቴ ጎንበስ ብለው እነዚህኑ ቱቦዎች ሲቀይሩ ውለው፣ እናቴ ከበረንዳ «ሰንበት ገባ!» ብላ ስትጣራ መፍቻውን እዚያው ጥለው ገላቸውን ሊታጠቡ ገቡ። ጎንደርም ሳሉ እንዲሁ ነበሩ፤ ዓርብ ማታ ሰንበት ከገባ የጀመሩትን አይጨርሱም።

በናፍጣ እጄ ቤት ገባሁና መፍቻውን ዘረጋሁላቸው።

«አባባ፣ ሰንበት ወጥቷል፤ ይጨርሱት።»